«ለሁለት ብዪ» እና «ክብደት ቀንሺ»፦ በ94 ኪሎ የተጀመረ እርግዝና እንዴት ይያዛል?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 31 ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የመጀመሪያ እርግዝናዬ ሲሆን 10 ሳምንት ሆኖኛል። ቁመቴ 1 ሜትር ከ60፣ ክብደቴ 94 ኪሎ ነው። ስኳርም ግፊትም ኖሮብኝ አያውቅም። ለመጀመሪያ ክትትል ስሄድ ግን «ግፊትሽ 138/88 ነው፤ ውፍረትሽም ለልጁ አደገኛ ስለሆነ ቀንሺ» ተባልኩ። እንዴት እንደምቀንስ የነገረኝ የለም። ቤት ስገባ ደግሞ እናቴ «የምትበዪው ለሁለት ነው» ትለኛለች። ልጄ ይጎዳብኝ ይሆን? የግድ በኦፕራሲዮን ነው የምወልደው? ምን ላድርግ?

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እንኳን ደስ አለዎት። ከሁለቱ ምክሮች አንዱንም እንዳለ አይቀበሉት። ነፍሰ ጡር ሆኖ ክብደት ለመቀነስ መራብ ጽንሱ ሊያገኝ የሚገባውን ያስቀርበታል፤ ለሁለት ሰው መብላት ደግሞ ያለውን ችግር ያባብሳል። የእርስዎ መንገድ በሁለቱ መካከል ነው፤ በቁጥርም ይታወቃል።

መጀመሪያ ያሉበትን እንወቅ። ክብደትዎን ለቁመትዎ ሁለት ጊዜ ሲያካፍሉት (94 ሲካፈል ለ1.6፣ እንደገና ሲካፈል ለ1.6) 36.7 ይመጣል፤ ይህ ቁጥር ቢ.ኤም.አይ. ይባላል። ከ18.5 እስከ 24.9 መደበኛ፣ ከ25 እስከ 29.9 ከፍ ያለ ክብደት፣ ከ30 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። እርስዎ ከ35 እስከ 39.9 ባለው ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነዎት። ከዚህ ቁጥር የምንፈልገው የትኛው ምርመራ በስንተኛው ሳምንት እንደሚያስፈልግዎት ማወቅን ነው። በአገራችን ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 ከመቶዎቹ ከሲታ፣ 8 ከመቶዎቹ ብቻ ከፍ ያለ ክብደት ወይም ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያላቸው ነበሩ። የክትትል ልማዳችንም የተቀረጸው በአመዛኙ ለከሳችው እናት ነው። ከተማ ውስጥ ግን ሁኔታው ተለውጧል።

አሁን ወደ 138/88 እንመለስ፤ ይህ ቁጥር ከምንም በፊት እንደገና መለካት አለበት። ክንድ ላይ የሚታሰረው የግፊት መለኪያ ጨርቅ መጠን መጠን አለው። በአብዛኛው ክፍል ጠረጴዛ ላይ የምናገኘው የክንዱ ዙሪያ ከ27 እስከ 34 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሰው የተሠራ ነው። 94 ኪሎ የምትመዝን ሴት ክንድ ብዙ ጊዜ ከ35 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል፤ ለእሷ ከ35 እስከ 44 የሚለው ትልቁ ጨርቅ ያስፈልጋል። ጠባቡ ጨርቅ ሰፊ ክንድ ላይ ሲታሰር የደም ሥሩን ለመጫን ተጨማሪ አየር ስለሚፈልግ፣ የላይኛውን ቁጥር ከ5 እስከ 20 ነጥብ አጋንኖ ያሳያል። ስለዚህ በልብስ ሰፊ ሜትር በትከሻና በክርን መሃል ክንድዎን ለክተው ቁጥሩን ክትትል ካርድዎ ላይ ይጻፉት፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ «ትልቁ ጨርቅ አለ?» ብለው ይጠይቁ። ከመለካቱ በፊት ሽንት ይሽኑ፤ 5 ደቂቃ አረፍ ይበሉ። ጀርባዎን አስደግፈው፣ ሁለቱንም እግር መሬት አስረግጠው፣ ክንድዎን በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው ይለኩ። ይህን ያህል የምንጨነቀው ጉዳዩ ትልቅ ስለሆነ ነው። ከ20ኛው ሳምንት በፊት በትክክል ተለክቶ በተደጋጋሚ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ግፊቱ ከእርግዝናው በፊት የነበረ ነው ማለት ነውና አያያዙ ይለያል። በትክክል ተለክቶ 120/76 ከሆነም ያ መነሻ ቁጥርዎ ይሆናል፤ በስምንተኛው ወር ግፊቱ ከፍ ሲል የምናነጻጽረው ከእሱ ጋር ነው።

ልጁ ይጎዳ እንደሆነ ለጠየቁት፣ ጉዳቱ በየት በኩል እንደሚመጣ ማወቁ ይረዳል። በማንኛዋም ነፍሰ ጡር ላይ የእንግዴ ልጁ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች የእናትየውን ኢንሱሊን (ቆሽት የሚያመነጨውን፣ ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባውን ሆርሞን) ያዳክማሉ፤ ስኳሩ ደሟ ውስጥ ትንሽ ቆይቶ ለጽንሱ እንዲደርስ ነው። ከመጠን ያለፈ የሰውነት ስብ ግን ቀድሞም ኢንሱሊንን ያዳክማል። ሁለቱ ሲደራረቡ ቆሽት አልችል ይልና የእርግዝና ስኳር ይመጣል። የእናት ስኳር በእንግዴ ልጁ በኩል ያልፋል፤ ኢንሱሊኗ ግን አያልፍም። ጽንሱ የመጣለትን ስኳር የሚያስተናግደው በራሱ ኢንሱሊን ሲሆን፣ ይህ ኢንሱሊን ልጁን ያወፍረዋል፤ በተለይ ትከሻውና ደረቱ ላይ። ስለዚህ ጭንቅላቱ ወጥቶ ትከሻው የሚያዝበት አደጋ ይጨምራል። እትብቱ በተቆረጠ ሰዓት ደግሞ ከእናት የሚመጣው ስኳር ይቋረጣል፤ የልጁ ኢንሱሊን ግን ለተወሰነ ጊዜ ከፍ ብሎ ይቆያልና የልጁ ስኳር ባንዴ ሊወርድ ይችላል።

መጠኑን በተመለከተ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ባለባት እናት የእርግዝና ስኳር ዕድል መደበኛ ክብደት ካላት ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው የእርግዝና ግፊት ደግሞ ከላይ ያሰላነው ቁጥር ከ5 እስከ 7 ነጥብ በጨመረ ቁጥር እጥፍ እየሆነ ይሄዳል። የጀርባ አጥንትና የአንጎል አፈጣጠር ጉድለት፣ ጽንስ ማህፀን ውስጥ መሞትና በኦፕራሲዮን መውለድም ወደ እጥፍ የሚጠጋ ጭማሪ አላቸው። «እጥፍ» ስንል ግን መነሻው ትንሽ መሆኑን አይርሱ። በዚህ ክብደት ላይ ካሉ እናቶች አብዛኞቹ ጤነኛ ልጅ ይወልዳሉ። ክፉው ነገር የሚደርሰው በአብዛኛው ስኳሩ ወይም ግፊቱ ሳይታወቅ ሲቆይ ነው።

እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ መደረግ ያለባቸው ጥቂት ናቸው፤ ግን አይዘለሉም። በባዶ ሆድ የደም ስኳር (ወይም የሦስት ወር አማካይ የሚያሳየው ኤች.ቢ.ኤ.ዋን.ሲ.) አሁኑኑ ይሠራ። በባዶ ሆድ 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳሩ ከእርግዝናው በፊት የነበረ ነው፤ ከ92 እስከ 125 ከሆነም በዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት የእርግዝና ስኳር ነው። ከዚህ ጋር የኩላሊት፣ የጉበት፣ የፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዱ የደም ሕዋሳት) እና የሽንት ፕሮቲን ምርመራ ይሠራልዎት። ዛሬ ሁሉም ደህና ቢሆኑ እንኳ ኋላ ግፊት ቢመጣ ምን እንደተለወጠ የሚነግሩን እነሱ ናቸው። የእርግዝናውን ዕድሜ የሚወስነው አልትራሳውንድም ከ14ኛው ሳምንት በፊት ይነሣ። ክብደታቸው ከፍ ባለ ሴቶች የወር አበባ ብዙ ጊዜ ስለሚዛባ በወር አበባ የተቆጠረ ቀን ያሳስታል፤ ቀኑ ከተሳሳተ ደግሞ «ልጁ ትልቅ ነው»፣ «ቀኑ አልፏል» የሚለው ውሳኔ ሁሉ ይሳሳታል።

ስለ መድኃኒት። የመጀመሪያ እርግዝና መሆኑና ክብደትዎ ሁለት ሆነው የፕሪኤክላምፕሲያ መከላከያ አስፕሪን እንዲታሰብልዎት ያደርጋሉ። መጠኑ በቀን 75 ወይም 81 ሚሊ ግራም ነው፤ ከ12ኛው ሳምንት በኋላ፣ ቢቻል ከ16ኛው በፊት ይጀመራል። ከዘገየ ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ለዚህ ነው ይህን ጥያቄ በ10ኛው ሳምንት ማንሳትዎ ደስ የሚለው። የጨጓራ ቁስለት፣ የደም መፍሰስ ችግር ወይም የአስፕሪን አለርጂ ካለብዎት አይወሰድምና ለሐኪምዎ ሳይነግሩ ከፋርማሲ ገዝተው አይጀምሩ። ወተትና የወተት ተዋጽኦ የማያዘወትሩ ከሆነ ካልሲየምም ይታዘዛል፤ በቀን ከ1.5 እስከ 2 ግራም፣ ተከፋፍሎ ከምግብ ጋር። ካልሲየሙንና አይረኑን ባንድ ጊዜ አይዋጧቸው፤ አንዱ ሌላውን ያግዳል። አይረኑን ከቡናና ከሻይም ቢያንስ አንድ ሰዓት ያርቁት። አቦል ጠጥቶ ወዲያው አይረን መዋጥ ክኒኑን ማባከን ነው።

ፎሊክ አሲድ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። በእንግሊዝ አገር ቢ.ኤም.አይ. 30 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሴቶች ከማርገዛቸው አንድ ወር አስቀድመው በቀን 5 ሚሊ ግራም እንዲወስዱ ሲመከር ቆይቷል፤ ለሌላው የተለመደው 400 ማይክሮ ግራም ነው። የጽንሱ የነርቭ ዘንግ ግን የሚዘጋው በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ነው። እርስዎ 10ኛው ላይ ስለሆኑ ትልቁን መጠን ፍለጋ መጨነቅ አያስፈልግዎትም፤ ከአይረኑ ጋር የሚሰጥዎትን ይቀጥሉ። የአፈጣጠር ጉድለት መኖር አለመኖሩ የሚታየው ከ18 እስከ 22ኛው ሳምንት በሚነሣው አልትራሳውንድ ነው። የሆድ ስብ ምስሉን ስለሚያደበዝዝ ወደ 20 እስከ 22ኛው ሳምንት ጠጋ ብሎ መነሣቱ ይሻላል። ሪፖርቱ ላይ ልብ ወይም ጀርባ አጥንት «በደንብ አልታየም» ተብሎ ከተጻፈ፣ «ጤነኛ ነው» ከሚለው ጋር አንድ አይደለም፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንዲደገም ይጠይቁ።

አሁን የሚሠራው የስኳር ምርመራ ደህና ቢሆንም ከ24 እስከ 28ኛው ሳምንት ሌላ ይሠራል። ከ8 እስከ 14 ሰዓት ምግብ ሳይቀምሱ ያድሩና በባዶ ሆድ ደም ይሰጣሉ፤ ከዚያ 75 ግራም ግሉኮስ በ300 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ ተበጥብጦ በ5 ደቂቃ ውስጥ ይጠጣሉ፤ ከአንድና ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ደም ይሰጣሉ። በባዶ ሆድ 92፣ በአንድ ሰዓት 180፣ በሁለት ሰዓት 153፤ ከሦስቱ አንዱ እንኳ ከደረሰ ወይም ካለፈ የእርግዝና ስኳር ነው። ከምርመራው በፊት ባሉት ሦስት ቀናት እንደወትሮዎ ይብሉ። «እንዲያምር» ብሎ እንጀራ መተው ውጤቱን ያዛባዋል። በሁለቱ ሰዓታት ውስጥ ቁጭ ይበሉ፤ ዞር ዞር ማለት ስኳሩን ያወርደዋል። በማንኛውም ሰዓት ከጣት በሚወሰድ ደም የሚሠራ ምርመራ ይህን አይተካም። ስኳር ከተገኘ በቤት የሚለካው ግብ በባዶ ሆድ ከ95 በታች፣ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ ከ140 በታች ነው። በምግብ ካልተስተካከለ ኢንሱሊን ወይም ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር ክኒን ይጨመራል። ስኳር ሳይኖር ክብደት እንዳይጨምር ብቻ ተብሎ የሚሰጥ ሜትፎርሚን ግን የልጁን ክብደት እንደማይቀንስ ተፈትኖ ታይቷል።

አሁን ወደ ምግቡ። ቢ.ኤም.አይ. 30 እና ከዚያ በላይ ለሆነች እናት የሚመከረው የክብደት ጭማሪ በጠቅላላው እርግዝና ከ5 እስከ 9 ኪሎ ነው። ይህ ማለት ወሩ ሲደርስ ከ99 እስከ 103 ኪሎ ገደማ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ጭማሪው እምብዛም ነው፤ ከአራተኛው ወር ጀምሮ በሳምንት ሩብ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሳምንት ሳምንት፣ በአንድ ሚዛን፣ ጠዋት ከሽንት በኋላ ተመዝነው ይጻፉት። በአንድ ሳምንት ከ1 ኪሎ በላይ ከጨመሩ ፊትና እጅዎ አብጦ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ያ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ ግፊት ይለኩ።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሰውነት ተጨማሪ ምግብ አይፈልግም። ከዚያ በኋላም ቢሆን «ለሁለት» የሚባለው ጭማሪ በመደበኛ ክብደት ላይ ላለች ሴት እንኳ በቀን ከ340 እስከ 450 ካሎሪ ነው፤ ለእርስዎ ከዚያ ያነሰ ይበቃል። ቅነሳውን ከእንጀራው አይጀምሩ። አብዛኛው ትርፍ ካሎሪ ያለው ማንም በማይቆጥራቸው ቦታዎች ነው። በቀን አራት ስኒ ሻይ በሦስት ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢጠጡ ወደ 48 ግራም ስኳር፣ ማለትም 190 ካሎሪ ገደማ ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ነው፤ ከጣሳው እየተንቆረቆረ የሚሠራ ወጥ ውስጥ ስንት ማንኪያ እንደገባ ማንም አያውቀውም። ሽንኩርቱን መጀመሪያ በደረቁ፣ ሲይዝ ጠብታ ውሃ እየጨመሩ በደንብ ያቁላሉት፤ ዘይቱን ወይም ቅቤውን በኋላ በማንኪያ ለክተው ይጨምሩ። ጣዕሙ የሚመጣው ከቁሌቱ ነውና ምንም አይጎድልበትም።

ከትሪው ላይ ከመብላት ይልቅ ድርሻዎን ለብቻ ሳህን ያውጡ። የሳህኑ ግማሽ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ቀይ ሥር፣ ሰላጣ፤ ሩቡ እንጀራ፤ ሩቡ ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላል ወይም ጮማ የሌለው በደንብ የበሰለ ሥጋ ይሁን። ጉርሻ በፍቅር ይቀበሉ፤ ግን አንድ ይበቃል። ቁርስ ላይ ከነጭ ዳቦና ከሻይ ቅንጬ ወይም እንቁላል ይሻላል። የሚጾሙ ከሆነ ነፍሰ ጡርን በተመለከተ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፤ ረመዳን ላይም ለነፍሰ ጡር ፈቃድ አለ። ችግሩ ከቀኑ ርዝመት በተጨማሪ ረጅም ሰዓት ተርቦ ቆይቶ በዳቦና በጣፋጭ ሻይ መፍታቱ ነው፤ ስኳሩ በአንዴ ይወጣል። የጾም ምግብ መብላቱ ብቻውን አይከፋም፤ ምስሩና ሽምብራው በርከት ብሎ ሰዓቱ ከተከፋፈለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የወጣ፣ 1,555 ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያላቸው እንግሊዝ አገር ያሉ ነፍሰ ጡሮች የተሳተፉበት ጥናት ነበር። በእርግዝና ወቅት የተሰጠ ጠንካራ የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ድጋፍ የክብደት ጭማሪን ትንሽ ቢቀንስም፣ የእርግዝና ስኳርንና የትልቅ ልጅ መወለድን አልቀነሰም። ስለዚህ በትክክል በልተው፣ ተንቀሳቅሰው ስኳር ቢመጣብዎት ጥፋቱ የእርስዎ ነው ብለው ራስዎን አይውቀሱ። ምርመራውንም «እኔ እጠነቀቃለሁ» ብለው አይተዉት።

እንቅስቃሴው በሳምንት 150 ደቂቃ ነው። ካልለመዱት በቀን 10 ደቂቃ ከእራት በኋላ በእግር በመሄድ ይጀምሩና በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ይጨምሩ። እየሄዱ ማውራት ቢችሉ፣ መዝፈን ግን ባይችሉ ልኩ ያ ነው። ባለቤትዎ ከፍተኛ ማንኮራፋትና በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቋረጥ ካየ ይህንንም ለሐኪም ይንገሩ፤ ግፊትን ያባብሳል።

ከ28ኛው ሳምንት በኋላ የሆድ ከፍታን በሜትር መለካት ለእርስዎ አይታመንም፤ ስቡ ቁጥሩን ያዛባዋል። በ32 እና በ36ኛው ሳምንት ገደማ የእድገት አልትራሳውንድ ይጠይቁ። እርስዎ ባሉበት ደረጃ ከ37ኛው ሳምንት ጀምሮ በየሳምንቱ የልጁን የልብ ምት መከታተል የሚመክሩ መመሪያዎች አሉ። የልጁ እንቅስቃሴ ከለመዱት ከቀነሰ እስከ ነገ አይጠብቁ። የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከቀኝ የጎድን አጥንት በታች ሕመም፣ የአንድ እግር ብቻ ማበጥ፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ከመጣም በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል መሄድ ነው። ግፊት 160/110 ከደረሰ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው።

ኦፕራሲዮን የግድ አይደለም። ውፍረት ብቻውን ለኦፕራሲዮን ምክንያት አይሆንም። ዕድሉ ወደ እጥፍ የሚጠጋው በከፊል ምጡ ስለሚዘገይ ነው፤ የማህፀን በር ከ6 ሳንቲ ሜትር በፊት ቀስ ብሎ ይከፈታል፤ ምጥ ለሚያፋጥነው መድኃኒት ለኦክሲቶሲንም ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ምላሽ ይሰጣል። በ4 ሳንቲ ሜትር ላይ «አልገፋም» ተብሎ የሚወሰን ኦፕራሲዮን፣ እናትና ልጅ ደህና ከሆኑ፣ ብዙ ጊዜ የችኮላ ነው። «ልጁ ትልቅ ነው» ከተባሉም የአልትራሳውንድ ግምት ከ10 እስከ 15 ከመቶ ሊስት እንደሚችል ያስታውሱ። ኦፕራሲዮን አስቀድሞ የሚታሰበው ስኳር ላለባት እናት ግምቱ 4,500 ግራም፣ ለሌላት 5,000 ግራም ሲደርስ ነው። የሚወልዱበትን ቦታ ሲመርጡ የሚከተለውን ይጠይቁ፦ ቀንና ሌሊት ኦፕራሲዮን ይሠራል? ደም አለ? ማደንዘዣ ሰጪ ባለሙያ አለ? የወገብ መርፌ ቦታ ማግኘት በወፍራም ጀርባ ላይ ጊዜ ይወስዳል፤ ባለሙያው ከምጡ በፊት ቢያይዎት የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ከወሊድ በኋላ ማህፀን አልኮማተር ብሎ ደም የመፍሰስ ዕድሉም ከፍ ይላልና ቤት መውለድን አያስቡት።

ኦፕራሲዮን ከሆነ ሁለት ነገር ይጠበቃል፤ ቁስሉና የደም መርጋት። ከመቀደዱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ሴፋዞሊን የተባለ አንቲባዮቲክ 2 ግራም ይሰጣል፤ 120 ኪሎ እና ከዚያ በላይ ለሆነች እናት 3 ግራም። ከቆዳ ሥር ያለው ስብ 2 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ለብቻው ይሰፋል። ቤት ሲገቡ የሆድ እጥፋቱ ቁስሉን ስለሚሸፍነው ላብ ይጠራቀማል። በቀን ሁለት ጊዜ እጥፋቱን ከፍ አድርገው በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁት፤ በመስታወት ወይም በስልክ ካሜራ ይዩት። መቅላት፣ መሽተት፣ ፈሳሽ ካለ ይመለሱ። የደም መርጋት መከላከያ መርፌ የሚታዘዘውም በክብደት ነው፤ ከ91 እስከ 130 ኪሎ ላለች እናት የኢኖክሳፓሪን መጠን በቀን 60 ሚሊ ግራም ነው፤ የተለመደው 40 ያንሳል።

የአራስነት ልማዳችን እዚህ ላይ ሁለት ቦታ መስተካከል ይፈልጋል። አራስ መጠየቋ፣ መታጠቧ፣ ሥራ አለመንካቷ ደግ ነው። ቀኑን ሙሉ ተኝታ መዋሏ ግን ደምን ያረጋል። በወለዱ በመጀመሪያው ቀን ተነሥተው ይራመዱ፤ ከዚያም በየሁለት ሰዓቱ ክፍሉን ይዙሩ። በቅቤ የሚዋጠው ገንፎና በማር የጣፈጠው አጥሚትም በቀን አንድ ጊዜ፣ በትንሽ ሳህን ይሁን። ወተት የሚመጣው ልጁ በመጥባቱ ነው፤ ቅቤ አይጨምረውም። ክብደቷ ከፍ ያለ እናት ወተቷ ከሦስት ቀን በላይ ሊዘገይ ስለሚችል፣ ልጁን በመጀመሪያው ሰዓት ያስጠቡት፤ ከዚያም በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ። «ጡቷ ደርቋል» ብሎ ወደ ጣሳ ወተት ከመሮጥ በፊት አዋላጅ ወይም ነርስ አጠባቡን ይይልዎት። የልጁ ስኳር ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይለካ።

የእርግዝና ስኳር ከነበረ ከ6 እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የ75 ግራሙ ምርመራ ይደገማል። ክብደትዎን ማስተካከያው ጊዜ በሁለት እርግዝናዎች መካከል ያለው ነው። ከ150 ሺህ በላይ ስዊድናውያን እናቶች የተጠኑበት ሥራ እንደሚያሳየው፣ ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው እርግዝና ቢ.ኤም.አይ. በ3 ነጥብ ሲጨምር የስኳር፣ የግፊትና ጽንስ ማህፀን ውስጥ የመሞት አደጋ ይጨምራል። ለእርስዎ ቁመት 3 ነጥብ ማለት 7.7 ኪሎ ነው። የወሊድ መቆጣጠሪያ ሲመርጡ ኢስትሮጅን ያለበት እንክብል በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት አይሆንም፤ ክንድ ላይ የሚቀበረው ወይም ሉፕ ይሻላል። ክብደት የሚቀንሱ መርፌዎች፣ ለምሳሌ ሴማግሉታይድ፣ ከተጠቀሙ ለማርገዝ ከመሞከርዎ ቢያንስ ሁለት ወር አስቀድመው ያቁሙ። የጨጓራ ማሳነሻ ኦፕራሲዮን ከተሠራም ከ12 እስከ 18 ወር ይጠበቃል። ለሁለተኛው ልጅ ሲዘጋጁ ደግሞ የፎሊክ አሲዱን ጥያቄ ከማርገዝዎ ከአንድ ወር በላይ ቀድመው ለሐኪምዎ ያንሱት።